የአህመዳባድ የድንጋይ መስኮቶች

በቤተሰባችን ልማድ ወንድም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ታላቅ ወንድሜ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየአውራጃው እየተዘዋወሩ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ ዛሬ ራሳቸው ሽበት ያበቀሉት ጭምር፣ በመንገድ ሲያገኟቸው ሳያነሡባቸው የማያልፉት አንድ ትምህርት አለ። ወንድም ጋሼ በዓመቱ መጨረሻ፣ ፈተናው ካለፈና የተማሪው ልብ ወደ ክረምቱ ዕረፍት ከሸፈተ በኋላ፣ ከአንድ የውጭ መጽሔት የተቀደደ ሥዕል ከመጽሐፋቸው መካከል ያወጡና ከጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት ነበር። ሥዕሉ የድንጋይ መስኮት ነው። በመስኮቱ ቅስት ውስጥ አንድ ዛፍ ከሥሩ ተነሥቶ፣ ቅርንጫፎቹን እያጠማዘዘ፣ አንዱን በሌላው ላይ እየጣለ፣ ቅስቱን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሞላዋል፤ ከዛፉም ጋር ዘንባባ ተጠላልፎ ቆሟል። «ይህን በህንድ አገር፣ አህመዳባድ በተባለች ከተማ የቀረጸው የእኛ ሰው ነው» ይላሉ ወንድም ጋሼ። ከዚያ በላይ ሳያብራሩ ደወሉ ይደወላል።

ይህ ጸሐፊም ከነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነበር። የሥዕል መምህር ሆኖ የቀረው በዚያች ቁራጭ ወረቀት ምክንያት ነው ቢል ብዙም ያጋነነ አይመስለውም።

ወንድም ጋሼ በስተርጅና የልብ ሕመም ጸናባቸውና፣ ዛሬ ብዙ የአገራችን ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ ወደ ህንድ ሄደው መታከም ግድ ሆነባቸው። አስታማሚ ሆኜ አብሬ የተጓዝኩት እኔ ነኝ። የሚሄዱበት ከተማ አህመዳባድ መሆኑን ሲሰሙ ስለ ቀዶ ጥገናው አደገኛነት አንድም ጥያቄ አላቀረቡም፤ «መስኮቱ ያለበት ነው» አሉ እንጂ። ቀዶ ጥገናው በደኅና ተፈጸመ። ይሁን እንጂ ሐኪሞቹ ከክፍላቸው ርቀው እንዳይሄዱ አጥብቀው አዘዙ። በአምስተኛው ቀን ትንሽ ሲያገግሙ ወደ አልጋቸው አስጠጉኝና፣

«አንተ ሂድና እየው» አሉኝ። «ካየኸው በኋላ በእጅህ ሥለህ አምጣልኝ። ፎቶግራፍ አንሥተህ እንዳትመጣ፤ ፎቶግራፍማ እኔም ዘንድ አለ።»

እንግዲህ ከተማይቱን ማየት የጀመርኩት እንደ አገር ጎብኚ ሳይሆን እንደ ተላላኪ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲገነዘብልኝ አሳስባለሁ።

አህመዳባድን በሳባርማቲ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ በ1411 የቆረቆረው የጉጅራቱ ሱልጣን አህመድ ሻህ ነው፤ ስሟም ከእርሱ የመጣ ነው። ዛሬ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት፣ ጢስና ጩኸት የበዛባት ታላቅ ከተማ ናት። ከአሮጌው ቅጥር አብዛኛው ፈርሶ በሮቹ ብቻ በገበያው መካከል ቆመው ይታያሉ። በቅጥሩ ውስጥ የነበረው ሕዝብ የሚኖርባቸው ሰፈሮች «ፖል» ይባላሉ። አንዱ ፖል አንድ ዋና በር አለው፤ ከበሩ ሲገቡ መንገዱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ እስኪተሻሽ ድረስ ይጠብባል፤ በግራና በቀኝ ባለ ፎቅ ቤቶች የተቀረጹ የእንጨት ዓምዶቻቸውን ይዘው ተፋጠው ይቆማሉ። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ በየፖሉ አደባባይ የተተከለው የወፎች ማዕድ ነው። በረጅም ዓምድ ላይ የተሠራ፣ እንደ ትንሽ ቤት ያጌጠ ነገር ሲሆን፣ የሰፈሩ ሰው እህል ይበትንበታል። ለወፍ እንዲህ ያለ ቤት የሠራ ጠራቢ ለሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል አንባቢው ይገምት። ይህች አሮጌ ከተማ በ2017 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ በከተማነቷ እንዲህ ያለውን ክብር በማግኘት ከህንድ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆናለች።

እኛ በሠሪው ፋብሪካ ስም «ባጃጅ» ያልነውን ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ የከተማው ሰው «ሪክሾ» ይለዋል። ከሆስፒታሉ በር ቆሜ «ባጃጅ! ባጃጅ!» እያልኩ ስጣራ ዘበኛው በመገረም ተመለከተኝ። በመጨረሻ አንዱ አዘነልኝና ላል ዳርዋዛ ከተባለው ሰፈር አጠገብ፣ መኪና ከአራቱም አቅጣጫ በሚጎርፍበት መንገድ ዳር፣ አንዲት ትንሽ መስጊድ ፊት አወረደኝ።

ትንሽ ናት። ይህን በመጀመሪያ መናገር ይገባኛል፤ ምክንያቱም በክፍል ውስጥ በነበረው ወሬ ካቴድራል የምታህል አድርጌ ሥያት ነበር። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ፊቷ በቅስቶች የተከፈተ ነው፤ ውስጧም ሌሎቹ የከተማይቱ መስጊዶች እንደተሠሩበት በዓምድና በአግዳሚ ድንጋይ ሳይሆን ሁሉ ነገር በቅስት የተያዘ ነው። በጎንና በጀርባ ግድግዳዎቿ ላይ፣ የቅስቶቹ ግማሽ ክብ የሚያርፍበት ቦታ፣ «ጃሊ» በሚባለው የተፈለፈለ ድንጋይ ተሞልቷል። አብዛኞቹ ጃሊዎች በአራት ማዕዘን የተከፋፈሉ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሱ ናቸው፤ አንዱ አራት ማዕዘን የሌላውን ንድፍ አይደግምም። በምዕራቡ ግድግዳ፣ ከመካከለኛው ቅስት ግራና ቀኝ ግን እነዚያ ዛፎች አሉ።

የደረስኩት ከቀትር በኋላ ነበር። ፀሐይ ከመስጊዱ ጀርባ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ዛፉ መጀመሪያ ጠቆረ፤ ከዚያ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በራ። ድንጋይ መሆኑን ለማመን ቸገረኝ። ከዘረጋሁት ወረቀት ሦስቱን አበላሸሁ። አንዱን ቅርንጫፍ በእርሳሴ ተከትዬ ስሄድ ከሌላው ሥር ይገባና ይጠፋብኛል፤ ሲወጣ ሌላ ቅርንጫፍ ሆኖ ይወጣል። አራተኛው ወረቀት ላይ ግን እጄ መንገዱን አገኘ። ስጀምር ያልጠበቅሁት ነገር የገጠመኝም ያን ጊዜ ነው፤ እጄ ይህን መጠላለፍ ያውቀዋል። በልጅነቴ ከብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ እየገለበጥኩ የተለማመድኩት ሐረግ እንዲሁ ነበር የሚሄደው። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በትልቁ «ሐረግ!» ብዬ ጻፍኩበት። ወንድም ጋሼ ልክ ነበሩ ስል ልቤ ሞቀ።

መስጊዱን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው ነበር። ከየት አገር እንደ መጣሁ፣ እንግሊዝኛ በሚያውቅ አንድ ተማሪ አማካይነት ጠየቁኝ። ስነግራቸው «ሀብሺ!» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። እኔም የሞቀ ልቤን ይዤ፣ ሲዲ ሰዒድ ይህን ዛፍ ለመቅረጽ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት ጠየቅኋቸው። ተማሪው ሲተረጉምላቸው ሳቁ።

«ሹም በገዛ እጁ ድንጋይ ይጠርባል እንዴ?» አሉ።

ውድ አንባቢ፣ እውነቱ በጣም ቀላል ነበር። «ፋሲል ግንብ ሠራ» እንላለን፤ ፋሲል ግን ድንጋይ እንዳልተሸከመ፣ ኖራም እንዳላቦካ ሁላችንም እናውቃለን። ከአገራችን ለተነሣው ሰው ሲሆን ግን መዶሻውን ራሳችን አስጨበጥነው።

ስለ ሰውየው የሚታወቀውን በአጭሩ ላስፍር። የጉጅራትን ታሪክ በዐረብኛ ቋንቋ የጻፈው፣ ራሱም በአንድ ሐበሻ መስፍን ቤት ያገለገለው ሐጂ አድ-ደቢር ሲዲ ሰዒድን ጠቅሶታል። ሩሚ ኻን ለተባለ ሰው ባሪያ ሆኖ ኖሯል፤ ኋላም በሱልጣኑ ቤት አገልግሏል፤ ከዚያም ጁጃር ኻን ከተባለው ሐበሻ የጦር አለቃ ጋር ሆኗል። ሐጅ አድርጓል፤ መጻሕፍት ይሰበስብ፣ ድሆችን ይመግብ ነበር። መስጊዱን ያሠራው በ1572 እና በ1573 መካከል ሲሆን፣ ይህም የሞጎሉ ንጉሥ አክበር ከተማይቱን የያዘበትና የጉጅራት ሱልጣኖች መንግሥት ያከተመበት ወቅት ነው። ስሙን ያየን እንደሆነ «ሲዲ» ማለት በዐረብኛ «ጌታዬ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በባርነት ለመጡት ሰዎች መጠሪያ ሆኖ የቀረው ይኸው ቃል መሆኑ የታሪክ ፌዝ ይመስላል። የተወለደበትን ቀዬና እናቱ ያወጣችለትን ስም ግን የታሪክ ጸሐፊው አልመዘገበም፤ ለሻጭም ለገዢም አስፈላጊ አልነበረምና።

በዚያ ምሽት ወንድም ጋሼ ሥዕሉን ተቀብለው ከመብራቱ ሥር ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የእኛ ሰው እጅ መሆኑ ያስታውቃል?» አሉኝ።

«ሐረጉ የብራና ሐረጋችንን ይመስላል፣ ወንድም ጋሼ» አልኳቸው።

ውሸት አልተናገርኩም፤ ይመስላል። ነገር ግን ይህን ያልኩት ጥያቄውን ለመሸሽ ነበር። በደረታቸው ላይ ያለው ስፌት ገና አልደረቀም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩትን ነገር በዚያች ሌሊት ላፈርስባቸው አልደፈርኩም። ሥዕሉን ከራስጌያቸው እንዳስቀምጠው አዘዙኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ከተማይቱን የዞርኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወንድሜን ልክ የሚያደርግ ማስረጃ ፍለጋ ነው። መስኮቱ ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ ቢገኝ፣ ቢያንስ ሐሳቡ ከእኛ አገር የሄደ ነው ለማለት ይቻል ነበር። በ1424 የተሠራውን ታላቁን መስጊድ፣ ጃማ መስጂድን አየሁ። ዓምዶቹ እንደ ጫካ የበዙ ናቸው፤ ሁለት ሚናሬቶች ነበሩት፣ በ1819 የመሬት መንቀጥቀጥ ወደቁ፤ የቀሩት ግርጌዎቻቸው ብቻ ናቸው። በግርጌዎቹም ላይ በተቀረጹት ትንንሽ መስኮት መሳይ ክፍሎች ውስጥ ዛፍ አለ። በ1514 ወደ ተሠራው፣ ራኒ ሲፕሪ በተባለች እመቤት ስም ወደሚጠራው መስጊድ ሄድኩ። ይህ እንደ ጌጣጌጥ ሣጥን የተጣራ ሥራ ነው፤ ፍልፍሉ ድንጋይ እዚያም አለ። የሲዲ ሰዒድ መስኮት ከመከፈቱ ሃምሳና መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በፊት የከተማይቱ ድንጋይ ጠራቢዎች ዛፉን ይተክሉት ነበር ማለት ነው።

ልቤን ጨርሶ የቆረጠው ግን አዳላጅ ነው። ከከተማይቱ በስተ ሰሜን ሃያ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ በምትገኝ መንደር ያለ፣ በ1499 የተፈጸመ የውሃ ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ ስል አንባቢው ገመድና ባልዲ እንዳያስብ። የጉጅራት ሰዎች «ቫቭ» የሚሉት ነገር ወደ ምድር ውስጥ የተገለበጠ ቤተ መንግሥት ነው ቢባል ይቀላል። ከሜዳው ላይ ምንም አይታይም። ደረጃውን መውረድ ሲጀምሩ ዓምድ ከዓምድ፣ ፎቅ ከፎቅ እየተደራረበ አምስት ፎቅ ወደ ታች ይሄዳል። በየፎቁ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ላይ ያንገበግበኝ የነበረው ፀሐይ ከታች ወደ ቀጭን የብርሃን ክር ተለወጠ። ውሃ ሊቀዱ የሚወርዱ ሴቶችና በረሃ አቋርጠው የሚመጡ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ቦታ ነበር።

የአገሩ ሰው የሚያወራው ታሪክ አለ። ጉድጓዱን የጀመረው የሂንዱ መስፍን በሱልጣን ማህሙድ ቤገዳ ጦር ተገደለ፤ ሱልጣኑ የሟቹን ሚስት ሩዳባይን ለማግባት ሲጠይቅ በመጀመሪያ ጉድጓዱን አስጨርስልኝ አለችው፤ ባስጨረሰላት ጊዜ ወርዳ ውሃው ውስጥ ራሷን ጣለች ይላሉ። አፈ ታሪክ ነው። ሥራው ግን አፈ ታሪክ አይደለም። በአንዱ ግድግዳ ላይ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ጌጥ፣ በዚያው አጠገብ የመስጊድ አበባና ሐረግ ተቀርጿል። መዶሻው አንድ ነው። ጌታው ሲለዋወጥ፣ ሃይማኖቱ ሲለዋወጥ፣ ጠራቢው ያው ከአባቱ የተማረውን ይዞ ለመጣው ሁሉ ይሠራ ነበር። የድንጋይ ፍልፍሉ አባት እርሱ ነው። ስሙን እርሱም አልተወልንም። ከታችኛው ፎቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በልቤ ሁለት ስም የለሽ ሰዎችን አቆምኩ። አንደኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ባሪያ የነበረ፣ ሁለተኛው እዚሁ የተወለደ ጠራቢ ናቸው። መስኮቱ የሁለቱ ነው። የእኔ ድርሻ የቱ ላይ እንደሆነ ማየት ተሳነኝ።

በዚህ ዙረት መካከል ያየኋቸውን አንዳንድ ነገሮች በፍጥነት ልለፍ። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ በሌላ ሲዲ፣ በሲዲ በሽር ስም የሚጠሩ ሁለት ረጃጅም ሚናሬቶች አሉ፤ መስጊዱ በ1753 በጦርነት ፈርሶ እነርሱና በሩ ብቻ ተርፈዋል። አንደኛው ሲነቀነቅ ሌላኛው አብሮ ይንቀጠቀጣል ይባላል። ዛሬ መውጣት ስለማይፈቀድ እኔም እንደ ሌላው ሰው አንጋጥጬ ተመለስኩ። የከተማይቱን አዲስ ሥነ ሕንፃ ለሚወዱ ሰዎች ለኮርቡዚዬ ለፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር በ1954 ያሠራው ሕንፃና ሉዊ ካን የነደፈው የጡብ ተቋም አለ። ካን ከዚህ አገር ሲመለስ በ1974 በኒው ዮርክ የባቡር ጣቢያ ውስጥ ሞቶ የተገኘ ሰው ነው። ተቋሙ በ1961 የተመሠረተው የአስተዳደር ትምህርት ቤት ሲሆን አርማው የሲዲ ሰዒድ መስኮት መሆኑን ሳይ ፈገግ አልኩ። ሁሉም ያንን ዛፍ የራሱ ያደርገዋል።

በሳባርማቲ ዳር ያለውን፣ ጋንዲ ከ1917 ጀምሮ የኖረበትን መንደር ግን በፍጥነት ማለፍ አይገባም። ቤቱ አንድ የገጠር መምህር ቤት ያህላል፤ ምንጣፍ፣ መፍተያ፣ ዝቅተኛ የጽሕፈት ሰሌዳ። በዚያ ዘመን አህመዳባድ የጥጥ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች፤ የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1861 ነው። በ1918 ወዛደሮቹ የሠላሳ አምስት በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ ጋንዲ ከጎናቸው ቆሞ ጾሟል። የሚገርመው፣ ከፋብሪካ ባለቤቶቹ መሪዎች አንዱ የአምባላል ሳራባይ እኅት አናሱያ ከወንድሟ በተቃራኒ ከወዛደሮቹ ጋር መሰለፏ ነው። ከዚሁ መንደር ነው ጋንዲ መጋቢት 12 ቀን 1930 ሰባ ስምንት ተከታዮቹን ይዞ ስለ ጨው ወደ ባሕር የተነሣው፤ ሃያ አራት ቀን፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር። አሞሌ ገንዘብ ሆኖ በኖረበት አገር ለተወለደ ሰው ጨው መንግሥት ሲያናጋ መስማት እንግዳ አይሆንበትም። የፋብሪካዎቹ ጭስ ማውጫዎች ዛሬም እዚህም እዚያም ቆመው ይታያሉ፤ አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ተዘግተው ብዙ ሺህ ሠራተኛ ተበትኗል።

የሳራባይ ቤተሰብ በ1949 ያቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ቤተ መዘክር ሻሂባግ በተባለ ሰፈር ይገኛል። አስቀድሞ ቀጠሮ ያልያዘ አይገባም፤ ፎቶግራፍም ክልክል ነው። ወንድም ጋሼ ይህን ደንብ በሰሙ ጊዜ «ብልሆች ናቸው» አሉ። ክሩ ከመሸመኑ በፊት በድርም በማግም በኩል የሚነከረውን የፓታን ሐር፣ በእንጨት ማኅተም የታተመውን ጥጥ አየሁ። የጉጅራት ማኅተም ጨርቅ በካይሮ አጠገብ በፉስጣጥ ፍርስራሽ ውስጥ ተገኝቷል፤ በቀይ ባሕርም በኩል ወደ እኛ አገር ሲመጣ ኖሯል። በአገራችን የብራና መጻሕፍት ገበታ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚለጠፉትን ባለ ቀለም ጨርቆች ያየ ሰው አንዳንዶቹ የህንድ ሥራ መሆናቸውን ያስተውላል። እኔም ከአንድ ቀይ ጨርቅ ፊት ቆሜ፣ በልጅነቴ በእጄ የዳሰስኩትን የመጽሐፍ ገበታ አስታወስኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን ያ ጨርቅ በምን እንደተገዛ አሰብኩ። ከእኛ ወደብ ወደ ህንድ የሚሄደው ጭነት ወርቅ ነበር፤ የዝሆን ጥርስ ነበር፤ ሰው ነበር። ጨርቁና ሲዲ ሰዒድ በአንድ ባሕር ላይ፣ ምናልባትም በአንድ ዓይነት ጀልባ፣ ተላልፈዋል።

ከቤተ መዘክሩ ስወጣ አብሮኝ የነበረው ተማሪ በዚያው ሰፈር አንድ የአስፋልት መንገድ አሳየኝ። በ1707 የሞተው፣ ከኡርዱ ግጥም አባቶች አንዱ የሆነው የቫሊ መቃብር በዚህ ነበር አለኝ። በ2002 በጉጅራት ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ባለቁበት የሃይማኖት እልቂት ጊዜ መቃብሩ ተደረመሰ፤ ወዲያውም በላዩ አስፋልት ፈሰሰበት። መኪና ያልፋል። የሚታይ ነገር የለም። ተማሪው ግን ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል።

በዚያው ሳምንት በሆስፒታሉ አልጋ የሚያነጥፍ አንድ ወጣት ወንድም ጋሼን «ዳዳ» እያለ መጥራት ጀምሮ ነበር፤ አያት ማለት ነው። ጸጉሩ እንደ እኛው ከርዳዳ ነው። ሲዲ መሆኑን ነርሷ ነገረችን። ወንድም ጋሼ ከአልጋቸው ቀና ብለው በተርጓሚ ጠየቁት፤ አያቶችህ ከየት መጡ? «ከአፍሪካ» አለ። ከአፍሪካ የት? ትከሻውን ነቀነቀ። ቋንቋው ጉጅራቲ ነው፤ ሌላ አያውቅም። በስልኩ ላይ የዘመዶቹን ጭፈራ ከፍቶ አሳየን፤ «ጎማ» ይሉታል። የሚመቱት መሣሪያ «ማሉንጋ» የተባለ ባለ አንድ አውታር ቀስት ነው። ወንድም ጋሼ ክራር ወይም በገና እስኪመጣ ጠበቁ። አልመጣም። «ጎማ» የሚለው ቃል የስዋሂሊ «ንጎማ» ነው፤ ከበሮም ጭፈራም ማለት ነው። የወጣቱ አያቶች ከምሥራቅ አፍሪካ የደቡብ ጠረፍ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ለህንዶቹ ግን ሁሉም አንድ ስም ነበረው፤ ሀብሺም ሲዲም ተባለ። ወጣቱ ስልኩን ዘግቶ የወንድም ጋሼን ትራስ አስተካከለና ወጣ።

በዚያን ጊዜ ወንድም ጋሼ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«አንተ የደበቅኸኝ ነገር አለ» አሉኝ። «ሥዕሉን ስትሰጠኝ ዓይኔን አላየህም።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሽማግሌውን፣ የጃማ መስጂድን ዛፎች፣ አዳላጅን፣ ጨርቁን። አላቋረጡኝም። ሲያበቃ ለብዙ ጊዜ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ።

«እንግዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ዋሽቻለሁ።»

«አልዋሹም ወንድም ጋሼ። «ሠራው» ቢሉ ኖሮ ልክ ነበር። «ቀረጸው» አሉ እንጂ።»

«እሱ ቀላሉ ነው» አሉ። «አንድ ግሥ ነው፤ ይታረማል። «የእኛ ሰው» ያልኩትስ?»

ዝም አልኩ።

«እንደ እርሱ ያለውን ልጅ ከቀዬው ያወረዱት፣ እስከ ወደብ የነዱት ሰዎች አማርኛም፣ ሌላም የአገራችንን ቋንቋ ይናገሩ ነበር። በአገራችን ባርነት በሕግ የተሻረው በ1942 ነው፤ ይህንንም አስተምሬያለሁ፣ በሌላ ምዕራፍ። ሁለቱን ምዕራፎች አንድ ቀን ያገናኘ ተማሪ ቢኖር ምን እመልስለት ነበር? ሲሸጥ የማንም፣ መስኮት ሲያሠራ የእኛ?»

የሚያስፈራኝ ልባቸው ነበር። ግን ድምፃቸው አልደከመም፤ እንዲያውም ከሕመሙ ወዲህ እንደዚያ ሲናገሩ አልሰማኋቸውም፤ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስሉ ነበር። ከዚያም፣ «ሌላስ ያየኸው አለ?» አሉኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። በመስጊዱ ምዕራብ ግድግዳ ላይ ከሁለቱ ዛፎች መካከል ያለው ቅስት፣ ዋናው፣ ድፍን ነው። አንድም ቀዳዳ የለውም፤ በሜዳ ድንጋይ ተዘግቷል። የአክበር ጦር ስለደረሰ ሳይፈለፈል ቀረ ይባላል። ይህን በሥዕሌ ላይ አላሳየሁም። ዛፉን ብቻ ነበር ያነሣሁት።

«ድፍን ነው?» አሉና ሌላ አልጨመሩም።

ሐኪሞቹ ባሰናበቱን ቀን አውሮፕላናችን የሚነሣው በሌሊት ነበር። የታክሲውን ሹፌር በላል ዳርዋዛ በኩል እንዲያልፍ ለመንኩት። መስጊዱ በምሽት መብራት ይበራበታል፤ የጀርባ ግድግዳው በመንገዱ በኩል ስለሆነ ከመኪና ሳይወርዱ ይታያል። ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቀስ አለ። ወንድም ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው የመኪናውን መስታወት አወረዱ፤ ከግራ ወደ ቀኝ በጣታቸው እየቆጠሩ ከዛፉ ወደ ድፍኑ፣ ከድፍኑ ወደ ዛፉ ሄዱ። ቀጥሎ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ያችን ከመጽሔት የተቀደደች ወረቀት አወጡ። እጥፋቷ ሊበጠስ ደርሷል። ወደ መስኮቱ አቅጣጫ አንሥተው አመሳከሯት።

«ፎቶግራፉን ያነሣው ሰው መካከለኛውን ቆርጦ አውጥቶታል» አሉ።

ከኋላችን መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። የትራፊክ ፖሊሱ በእጁ እለፉ አለን። ሹፌሩ ወደ እኔ ዞሮ ምን ላድርግ እንደ ማለት ዓይኑን አፈጠጠ።

«ቆይ» አሉ ወንድም ጋሼ፣ ወረቀቷን እንደያዙ። «አንድ ጊዜ ዙርልን በለው።»